የኩኪ ፈቃድ ባነር በጉግል ታግ ማናጀር፦ «አይ» ያለ ጎብኚ የምር «አይ» እንዲሆንለት

ባነሩ ይወጣል። ጎብኚው «አልፈቅድም» የሚለውን ይጫናል። ኩኪዎቹ፣ ማለትም ድረ-ገጹ ብራውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጣቸው ትንንሽ የመረጃ ፋይሎች፣ ግን ገና ገጹ ሲከፈት ገብተው ቁጭ ብለዋል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ባነር ማውጣት አስር ደቂቃ አይፈጅም። ከባዱ «አይ» የሚለው ቁልፍ ሲጫን የሆነ ነገር በትክክል እንዲቆም ማድረግ ነው። ሰው «አይ» ብሎን ሳለ ዝም ብለን ከተከታተልነው አታለልነው ማለት ነው፤ ሆን ብለንም ይሁን ሳናውቅ ለእሱ ለውጥ የለውም።

ስለዚህ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱ። በተለይ ደረጃ 1ን አትዝለሉ። አሰልቺ ነው፤ ግን በኋላ ለሰዓታት የሚያስለፋው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህ በእጃችሁ ይኑሩ፦

- ታግ ማናጀር (መከታተያ ኮዶችን ከአንድ ቦታ ገጹ ላይ የምታስገቡበት የጉግል መሣሪያ) ላይ «ፐብሊሽ» የማድረግ፣ ማለትም ለውጥን የማተም ፈቃድ። «ኤዲት» ብቻ ካላችሁ ሁሉን አዘጋጅታችሁ መጨረሻው ላይ ትቆማላችሁ።
- የድረ-ገጹ አስተዳዳሪ መግቢያ። የገጹን ገጽታ እና ፕለጊኖች ማየት መቻል አለባችሁ።
- ማስታወቂያ ማገጃ የሌለው ብራውዘር። ማገጃው ታግ ማናጀርን ራሱን ሊያግድ ስለሚችል የምታዩት ውጤት ያሳስታችኋል።
- ሁለት ሰዓት ያህል ያልተቆራረጠ ጊዜ።

አንድ ነገር ደግሞ በጭንቅላታችሁ ያዙ። እዚህ ሥራ ላይ ሦስት ተዋናዮች አሉ። ባነሩ ጎብኚውን ይጠይቃል። ታግ ማናጀር መልሱን ተቀብሎ ይይዛል። ታጎቹ፣ ማለትም በታግ ማናጀር በኩል የሚገቡት ኮዶች፣ ደግሞ መልሱን አይተው ይሠራሉ ወይም ይቆማሉ። ጉግል ይህን መልስ ማቀበያ «ኮንሰንት ሞድ» ይለዋል። መልሱ የሚመዘገበው በሁለት ቃል ነው፦ «ግራንትድ» ማለት ተፈቅዷል፣ «ዲናይድ» ማለት ተከልክሏል። ባነሩ ጠይቆ መልሱን ካላቀበለ ገጹ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነው።

## ደረጃ 1፦ ገጹ ላይ ያለውን ሁሉ ቁጠሩ

1. በብራውዘሩ የግል መስኮት ክፈቱ። ኢንኮግኒቶ የሚባለው ነው።
2. ድረ-ገጻችሁን ክፈቱና ኤፍ12 ተጫኑ። ክሮም ላይ «አፕሊኬሽን» የሚለውን ታብ፣ ፋየርፎክስ ላይ «ስቶሬጅ» የሚለውን ምረጡ። በግራ በኩል «ኩኪስ» የሚል አለ።
3. የምታዩትን ስም ሁሉ ወረቀት ወይም ሠንጠረዥ ላይ ጻፉ። የሚያበቃበትን ቀንም አብራችሁ ያዙ።
4. መነሻ ገጹ ላይ ብቻ አትቁሙ። የመገናኛ ቅጹን፣ ቪዲዮ ያለበትን ገጽ፣ የክፍያ ገጹን ሁሉ ክፈቱ። አንዳንድ ኩኪ የሚመጣው እዚያ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የምታገኟቸውን ልንገራችሁ። ከፊቱ የስር ሰረዝ ያለበትና «ጂኤ» ብሎ የሚጀምረው የጉግል አናሊቲክስ ነው፤ ሌላ ካልተባለ ሁለት ዓመት ይቆያል። «ኤፍቢፒ» የሜታ ፒክስል (የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ የማስታወቂያ መከታተያ ኮድ) ነው። «ጂሲኤል» ብሎ የሚጀምረው ደግሞ የጉግል አድስ ነው።

### ከታግ ማናጀር ውጭ የተለጠፈውን አድኑ

ይህ የመመሪያው ትልቁ ቁም ነገር ነው። ታግ ማናጀር ማስቆም የሚችለው በራሱ በኩል የሚያልፈውን ብቻ ነው። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት የፒክስሉን ኮድ ገጹ ራስጌ ላይ ለጥፎት ከሆነ ባነራችሁ አያውቀውም።

አንድ ጊዜ የአንድ ትንሽ የሽያጭ ድረ-ገጽ ባነር አስተካክልልን ተብዬ ነበር። በታግ ማናጀር በኩል ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ትሪገሩ (ታጉ መቼ እንደሚነሳ የሚወስነው ቅንብር) ልክ፣ ምድቡ ልክ። የፒክስሉ ኩኪ ግን ማንም ምንም ሳይጫን ይገባል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ታግ ማናጀር ውስጥ ስመረምር ቆየሁ። በመጨረሻ የተገኘው የገጹ ገጽታ ቅንብር ውስጥ፣ «የራስጌ ኮድ» በሚል ሳጥን ውስጥ ነበር። ሰባት መስመር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር ከመንካቴ በፊት ይህን ፈተና አደርጋለሁ፦

1. የግል መስኮት ውስጥ «ኔትወርክ» የሚለውን ታብ ክፈቱና ገጹን አድሱ።
2. የታግ ማናጀር ፋይል ሲጫን ታዩታላችሁ። በላዩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና ያንን አድራሻ እንዲያግድ እዘዙ። ሙሉውን ዶሜይን አታግዱ። በቀጥታ የተለጠፈው የጉግል ኮድም የሚጫነው ከዚያው ዶሜይን ስለሆነ አብሮ ይታገድና ይደበቅባችኋል።
3. ኩኪዎቹን በሙሉ አጥፉ። ገጹን እንደገና አድሱ።
4. አሁንም የገባ ኩኪ ካለ ከታግ ማናጀር ውጭ ነው የመጣው።
5. ስትጨርሱ እገዳውን አንሱ። ከረሳችሁት ቀጣዩ ደረጃ ሁሉ የተበላሸ ይመስላችኋል።

ያገኛችሁትን ምን ታደርጉታላችሁ? የአናሊቲክስ ወይም የፒክስል ኮድ ከሆነ ከገጹ ላይ አንሱትና ታግ ማናጀር ውስጥ እንደ ታግ ፍጠሩት። ፕለጊን ያስገባው ከሆነ ፕለጊኑ ውስጥ መከታተያውን አጥፉ። የተካተተ ቪዲዮ ከሆነ ታግ ማናጀር አያስቆመውም። ለዩቲዩብ ቪዲዮ ኩኪ የሌለበት የሚባለውን የማካተቻ አድራሻ ተጠቀሙ፤ ወይም ባነሩ ቪዲዮውን እስከ ፈቃድ ድረስ የሚያግድበት አማራጭ እንዳለው እዩ።

## ደረጃ 2፦ እያንዳንዱን በየምድቡ አስቀምጡ

የጻፋችሁትን ዝርዝር አውጡና ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ከአራቱ አንዱን ጻፉ።

- የግድ አስፈላጊ። መግቢያ፣ የግዢ ቅርጫት፣ ደኅንነት። ፈቃድ አይጠየቅበትም።
- ምርጫ። ጎብኚው የመረጠውን የሚያስታውስ። በኮንሰንት ሞድ «ፈንክሽናሊቲ ስቶሬጅ» እና «ፐርሰናላይዜሽን ስቶሬጅ» ይባላሉ።
- ስታቲስቲክስ። «አናሊቲክስ ስቶሬጅ»።
- ማስታወቂያ። «አድ ስቶሬጅ»፣ «አድ ዩዘር ዳታ» እና «አድ ፐርሰናላይዜሽን»።

የማስታወቂያ ምድብ ሦስት መሆኑን ልብ በሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተጨመሩት በሁለተኛው የኮንሰንት ሞድ ስሪት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ መመሪያ ይዛችሁ ከሠራችሁ ሁለቱ ሳይሞሉ ይቀራሉ። ጉግል ደግሞ ከማርች 2024 ጀምሮ ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጣና ለሚመጡ ጎብኚዎች ይፈልጋቸዋል፤ ከሌሉ የድጋሚ ማስታወቂያ ዝርዝራችሁ (ገጻችሁን ለጎበኙ ሰዎች ዳግም ማስታወቂያ የምታሳዩበት) መሞላቱን ያቆማል።

አናሊቲክስን «የግድ አስፈላጊ» ውስጥ አታስገቡ። ለእናንተ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ ጎብኚው ግን ያለ እሱ ገጹን መጠቀም ይችላል። መለኪያው እሱ ነው።

## ደረጃ 3፦ የባነር አገልግሎት ምረጡ

ኩኪቦት፣ ኩኪየስ፣ ዋንትረስት፣ አዩቤንዳ እና ሌሎችም አሉ። በስም አትምረጡ። እነዚህን ጠይቁ፦

1. ታግ ማናጀር ጋለሪ ውስጥ የራሱ ቴምፕሌት (ዝግጁ የታግ ቅጽ) አለው? ከሌለው ተዉት።
2. ሁለተኛውን የኮንሰንት ሞድ ስሪት ይደግፋል?
3. «አልፈቅድም» የሚለው ቁልፍ በመጀመሪያው መስኮት ላይ ይወጣል?
4. ጽሑፉን በራሳችሁ ቋንቋ መቀየር ትችላላችሁ?
5. ገጻችሁ ላይ አድሴንስ (የጉግልን ማስታወቂያ አሳይቶ ገቢ የሚገኝበት አገልግሎት) ካለ፣ አገልግሎቱ ጉግል ካጸደቃቸው አንዱ ነው? ለአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጣና እና ለብሪታኒያ ጎብኚዎች ይህ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ግዴታ ነው።

ሦስተኛውን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። የፈረንሳይ የግል መረጃ ጠባቂ መሥሪያ ቤት በ2022 መጀመሪያ ላይ ጉግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን ያስታወቀው በዚሁ ነው። መፍቀድ በአንድ ክሊክ፣ መከልከል ግን በብዙ ክሊክ ስለነበረ።

ከመረጣችሁ በኋላ አካውንት ክፈቱ፣ ዶሜይናችሁን አስመዝግቡ፣ የሚሰጣችሁን መለያ ቁጥር ያዙ። አገልግሎቱ «ይህን ኮድ ገጽህ ላይ ለጥፍ» ካላችሁ አትለጥፉት። በታግ ማናጀር በኩል ነው የምናስገባው። ሁለቱንም ያደረገ ሰው ሁለት ባነር ይወጣበታል።

## ደረጃ 4፦ የባነሩን ጽሑፍ ጻፉ

ቴክኒኩን ትታችሁ እዚህ አምስት ደቂቃ አሳልፉ። ዝግጁ ሆኖ የሚመጣው ትርጉም ብዙ ጊዜ አይነበብም። እኔ የምጠቀመው ይህን ይመስላል፦

«ይህ ድረ-ገጽ እንዲሠራ የግድ የሚያስፈልጉ ኩኪዎች አሉ። ከእነሱ ሌላ፣ የጎብኚዎችን ብዛት ለመቁጠር እና ማስታወቂያ ለማሳየት የሚያገለግሉ ኩኪዎችን መጠቀም እንፈልጋለን። እነዚህን የምንጠቀመው ከፈቀዱልን ብቻ ነው። ሐሳብዎን በፈለጉት ጊዜ መቀየር ይችላሉ።»

ቁልፎቹ፦ «ሁሉንም እፈቅዳለሁ»፣ «አልፈቅድም»፣ «ልምረጥ»።

- «እፈቅዳለሁ» እና «አልፈቅድም» በመጠንም በቀለምም እኩል ይሁኑ። አንዱን አረንጓዴ፣ ሌላውን የማይታይ ግራጫ አታድርጉ።
- «ልምረጥ» ውስጥ ያሉት ሳጥኖች ቀድመው ምልክት አይደረግባቸው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2019 ቀድሞ የተሞላ ሳጥን ፈቃድ አይደለም ብሎ ወስኗል።
- «በመቀጠልዎ ተስማምተዋል» የሚል ሐረግ ካለ አውጡት። ወደ ታች መሸብለል ፈቃድ መስጠት አይደለም።

## ደረጃ 5፦ ታግ ማናጀርን አዘጋጁ

1. ታግ ማናጀር ውስጥ አዲስ ዎርክስፔስ (የራሳችሁ የሥራ ረቂቅ) ፍጠሩ። ሌላ ሰው የጀመረው ሥራ ካለ ሳታውቁ አብራችሁ እንዳታትሙት።
2. «ቨርዥንስ» ውስጥ ገብታችሁ አሁን እየሠራ ያለውን ስሪት ቁጥር ጻፉ። ነገር ቢበላሽ የምትመለሱት ወደዚያ ነው።
3. «አድሚን»፣ ከዚያ «ኮንቴይነር ሴቲንግስ» ሂዱ። «ኢኔብል ኮንሰንት ኦቨርቪው» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉና አስቀምጡ።
4. ወደ «ታግስ» ተመለሱ። ከላይ የጋሻ ምልክት ብቅ ብሏል። በኋላ እንፈልገዋለን።

## ደረጃ 6፦ የባነሩን ታግ አስገቡ

1. «ቴምፕሌትስ» ክፈቱ። በታግ ቴምፕሌት ክፍል «ሰርች ጋለሪ» ብላችሁ የመረጣችሁትን አገልግሎት ፈልጉ። አዘጋጁ አገልግሎቱ ራሱ መሆኑን አረጋግጡና ወደ ዎርክስፔሱ ጨምሩት።
2. «ታግስ»፣ «ኒው» ብላችሁ አዲሱን ቴምፕሌት ምረጡ። መለያ ቁጥራችሁን አስገቡ።
3. መነሻ የፈቃድ ሁኔታ የሚሞላበት ቦታ አለ። ከደኅንነቱ («ሴኩሪቲ ስቶሬጅ» ከሚለው) በስተቀር ሁሉንም «ዲናይድ» አድርጉ።
4. «ዌይት ፎር አፕዴት» የሚል ካለ 500 ሚሊሰከንድ ስጡት። የጉግል ታጎች የባነሩን መልስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይጠብቃሉ ማለት ነው።
5. ትሪገሩን «ኮንሰንት ኢኒሻላይዜሽን፣ ኦል ፔጅስ» አድርጉ።
6. አስቀምጡ። ገና ፐብሊሽ አታድርጉ።

### ሁለት ማስጠንቀቂያ

ትሪገሩን አታሳስቱ። በልማድ «ኦል ፔጅስ» የሚለውን ተራውን የገጽ ዕይታ ትሪገር የሚመርጥ ሰው ብዙ ነው። ያኔ ባነሩ ይወጣል፤ ግን ሌሎቹ ታጎች ቀድመውት ወይም አብረውት ይሄዳሉ። «ኮንሰንት ኢኒሻላይዜሽን» ከሁሉም ትሪገሮች በፊት የሚነሳ ነው። የተሠራውም ለዚሁ ነው። እዚያ ላይ ሌላ ታግ አትስቀሉ።

የባነሩን ኮድ «ከስተም ኤችቲኤምኤል» ታግ ውስጥ አትለጥፉ። እንዲህ ያለ ታግ የፈቃዱን መነሻ ሁኔታ ዘግይቶ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ እስከዚያ ሌሎቹ ታጎች ሄደዋል። ቴምፕሌቱ መነሻውን ወዲያው፣ ሌላ ነገር ከመነሳቱ በፊት ያስቀምጣል።

አገር ለይቶ መነሻ መስጠትም ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሠሩ ግን ለሁሉም አገር አንድ ዓይነት አድርጉት። ጎብኚን ሁሉ በእኩል መጠየቅ ለፍተሻ ይቀላል፤ ከዚያም በላይ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

## ደረጃ 7፦ እያንዳንዱን ታግ ከፈቃዱ ጋር እሰሩ

«ታግስ» ውስጥ የጋሻውን ምልክት ተጫኑ። ታጎቹ በሁለት ተከፍለው ይታያሉ፦ ፈቃዳቸው የተወሰነላቸው እና ያልተወሰነላቸው። ያልተወሰነላቸውን አንድ በአንድ ክፈቱ።

### ሀ. የጉግል ታጎች

አናሊቲክስ፣ ጉግል አድስ እና ኮንቨርዥን ሊንከር (የማስታወቂያ ክሊክን የሚያስታውሰው ታግ) የፈቃዱን ሁኔታ በራሳቸው ያነባሉ። እዚህ ላይ ግን አንድ ውሳኔ መወሰን አለባችሁ።

- የላቀው መንገድ። ታጉ ሳይፈቀድም ይጫናል። ኩኪ አያስቀምጥም፤ ግን ማንነት የሌለው ምልክት ወደ ጉግል ይልካል።
- መሠረታዊው መንገድ። ጎብኚው እስኪፈቅድ ድረስ ታጉ ጭራሽ አይጫንም። ምንም አይላክም።

የእኔ ምክር መሠረታዊው ነው። «አይ» ያለ ሰው ምንም እንዳይላክበት ነው የሚጠብቀው። ቁጥሩ ይቀንስባችኋል፤ የቀረው ግን በፈቃድ የተገኘ ነው። የላቀውን ከመረጣችሁ ለጎብኚው በግልጽ ንገሩት።

መሠረታዊውን ለማድረግ በሚቀጥለው ክፍል ያለውን ለጉግል ታጎችም አድርጉ።

### ለ. ሌሎች ታጎች

ሜታ ፒክስል፣ ቲክቶክ፣ የቻት ሳጥን፣ የሙቀት ካርታ (ጎብኚዎች ገጹ ላይ የት እንደሚጫኑ የሚያሳይ መሣሪያ)፤ እነዚህ ኮንሰንት ሞድን በራሳቸው ያነባሉ ብላችሁ አትመኑ። በእጃችሁ እሰሯቸው።

1. ታጉን ክፈቱ፤ «አድቫንስድ ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኮንሰንት ሴቲንግስ» ዘርጉ።
2. «ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል» የሚል ትርጉም ያለውን ሦስተኛውን አማራጭ ምረጡ።
3. ከደረጃ 2 ዝርዝራችሁ ላይ አይታችሁ የፈቃዱን ዓይነት ጨምሩ። ለፒክስል «አድ ስቶሬጅ»፣ ለሙቀት ካርታ «አናሊቲክስ ስቶሬጅ»።
4. አስቀምጡ።

ተጠንቀቁ፦ መካከለኛው አማራጭ «ተጨማሪ ፈቃድ አያስፈልግም» ነው የሚለው። እሱን ስትመርጡ ታጉ «ተወስኖለታል» ወደሚለው ዝርዝር ይገባል። ዝርዝሩ ንጹሕ ይመስላል። ታጉ ግን አልታገደም፤ እንደ ድሮው ይሮጣል።

### ሐ. «ፈቀድኩ ግን ምንም አልተነሳም»

አሁን ወደ ተደጋጋሚው ስህተት ደረስን። ታጉ ፈቃድ የሚጠይቀው ትሪገሩ በሚነሳባት ቅጽበት ነው። ፒክስሉ በገጽ ዕይታ ትሪገር ላይ ተሰቅሏል እንበል። ገጹ ይከፈታል፤ ትሪገሩ ይነሳል፤ ፈቃድ ገና የለም፤ ታጉ ይታገዳል። ከአምስት ሰከንድ በኋላ ጎብኚው «እፈቅዳለሁ» ይላል። ትሪገሩ ግን አልፏል። ታጉ ተመልሶ አይነሳም።

መፍትሔው ሌላ ትሪገር መጨመር ነው፦

1. «ፕሪቪው» (ሳታትሙ የምትሞክሩበት የታግ ማናጀር መስኮት) ክፈቱና ገጹ ላይ «ሁሉንም እፈቅዳለሁ» ተጫኑ።
2. በግራው ዓምድ ልክ በዚያች ቅጽበት አዲስ ኩነት (ኢቨንት) ብቅ ይላል። ባነሩ የላከው ነው። ስሙን ኮፒ አድርጉ። በእጃችሁ አትጻፉት፤ አንድ ፊደል ትልቅና ትንሽ ቢለያይ አይሠራም።
3. «ትሪገርስ»፣ «ኒው»፣ «ከስተም ኢቨንት» ብላችሁ ስሙን ለጥፉ።
4. ይህን ትሪገር ፈቃድ የሚጠብቁት ታጎች ላይ ጨምሩ።
5. አሁን ሁለተኛ ገጽ ክፈቱ። ያው ኩነት ያለ ክሊክ እንደገና መጣ? ከመጣ የገጽ ዕይታውን ትሪገር አንሱት፤ አዲሱ ብቻውን ይበቃል። ካልመጣ ሁለቱንም አቆዩ።
6. ሁለቱንም ካቆያችሁ በታጉ «አድቫንስድ ሴቲንግስ» ውስጥ በአንድ ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲነሳ የሚለውን ምረጡ። አለበለዚያ ጉብኝቱ እጥፍ ይቆጠራል።

## ደረጃ 8፦ ፈትሹ፤ በ«አይ» ጀምሩ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ «እፈቅዳለሁ»ን ተጭኖ፣ ሠራ ብሎ ይዘጋል። እናንተ ከሌላኛው ጀምሩ። ለእያንዳንዱ ፈተና የግል መስኮቱን ዘግታችሁ አዲስ ክፈቱ።

ፈተና አንድ፦ ምንም አትጫኑ። ባነሩ ወጥቷል፤ ዝም በሉ። «ኩኪስ» ውስጥ የግድ አስፈላጊው ብቻ መኖር አለበት። በ«ፕሪቪው» ውስጥ «ኮንሰንት» የሚለውን ታብ ክፈቱ። መነሻው ከደኅንነቱ በስተቀር ሁሉም «ዲናይድ» ይበል። ምንም መነሻ ካልታየ የባነሩ ታግ አልተነሳም ወይም ዘግይቷል፤ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።

ፈተና ሁለት፦ «አልፈቅድም»። ሁለት ሦስት ገጽ ዙሩ። መልሳችሁን ከሚያስታውሰው የባነሩ ኩኪ በስተቀር ምንም አዲስ ኩኪ መግባት የለበትም። ባነሩም በየገጹ መምጣት የለበትም።

ፈተና ሦስት፦ ስታቲስቲክስን ብቻ ፍቀዱ። ይህን የሚሞክር ጥቂት ነው፤ ግን የምድብ ስህተትን የሚያጋልጠው እሱ ነው። የአናሊቲክስ ኩኪ ይግባ፤ የፒክስሉ አይግባ።

ፈተና አራት፦ ሁሉንም ፍቀዱ። ታጎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ይነሱ።

ፈተና አምስት፦ ሐሳባችሁን ቀይሩ። የባነሩን ቅንብር መልሳችሁ ክፈቱና ከልክሉ። ገጹን አድሱ። ታጎቹ መነሳት የለባቸውም። ቀድሞ የገቡት ኩኪዎች ግን እዚያው ሊታዩ ይችላሉ፤ ኮንሰንት ሞድ ያሉትን አይሰርዝም። የባነር አገልግሎታችሁ የሚሰርዝበት ወይም ሲከለከል ገጹን የሚያድስበት አማራጭ ካለው አብሩት።

ተጨማሪ ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ «ኔትወርክ» ውስጥ ወደ አናሊቲክስ የሚሄደውን ጥያቄ ክፈቱና «ጂሲኤስ» የሚለውን እሴት እዩ። ጂ100 ማለት ሁለቱም ተከልክለዋል። ጂ101 ስታቲስቲክስ ብቻ ተፈቅዷል። ጂ110 ማስታወቂያ ብቻ። ጂ111 ሁለቱም። በመሠረታዊው መንገድ ከሄዳችሁና ከከለከላችሁ ጥያቄው ራሱ መኖር የለበትም።

## ደረጃ 9፦ አትሙ

1. ሁሉም ፈተና ካለፈ «ሰብሚት» ተጫኑ። ለስሪቱ የሚገባ ስም ስጡት፤ «የኩኪ ባነር ተጨመረ» ይበቃል።
2. የድረ-ገጹን ካሽ (ለፍጥነት ተብሎ የተቀመጠውን የገጹን ቅጂ) አጽዱ።
3. በስልክ፣ በሌላ ብራውዘር፣ ያለ «ፕሪቪው» ፈተና አንድንና ሁለትን ድገሙ። ስልክ ላይ ባነሩ ገጹን ሙሉ ሸፍኖ «አልፈቅድም» የሚለው ከስክሪኑ ውጭ እንዳይቀር እዩ።
4. በገጹ ግርጌ «የኩኪ ምርጫዬ» የሚል ሊንክ አድርጉ፤ ሲጫኑት ባነሩን የሚከፍት። የአውሮፓው የመረጃ ጥበቃ ደንብ ፈቃድን መተው እንደ መስጠቱ ቀላል እንዲሆን ያዛል።

ከባድ ነገር ከተበላሸ አትደናገጡ። «ቨርዥንስ» ውስጥ የጻፋችሁትን የቀድሞ ስሪት ክፈቱና እንደገና ፐብሊሽ አድርጉት። ከዚያ ረጋ ብላችሁ መርምሩ።

## ሲበላሽ

ባነሩ ጭራሽ አይወጣም። መጀመሪያ የማስታወቂያ ማገጃውን አጥፉ። ቀጥሎ ከዚህ በፊት መልስ ሰጥታችሁበት እንደሆነ ኩኪ አጥፍታችሁ ሞክሩ። ከዚያ መለያ ቁጥሩን፣ በአገልግሎቱ ላይ ያስመዘገባችሁትን ዶሜይን ተመልከቱ። አሁንም ካልሆነ «ኮንሶል» ውስጥ ቀይ መስመር ፈልጉ፤ የገጹ የደኅንነት ፖሊሲ ከውጭ የሚመጣውን ስክሪፕት አግዶት ይሆናል።

ሁለት ባነር ይወጣል። አንዱ ከፕለጊን ወይም ገጹ ላይ ከተለጠፈ ኮድ ነው። ፕለጊኑን ወይም ኮዱን አጥፉ።

በየገጹ ይጠይቃል። መልሱ በአንዱ ዶሜይን ተቀምጦ በሌላው እየተፈለገ ነው። ገጻችሁ በሦስቱ ደብልዩም ያለ እነሱም ይከፈት እንደሆነ እዩ፤ አንዱን ወደ ሌላው አዙሩ። ንዑስ ዶሜይን ካላችሁ በአገልግሎቱ ውስጥ መልሱ እንዲጋራ አድርጉ።

ሳፋሪ ላይ ከሳምንት በኋላ ዳግም ይጠይቃል። ይህ የእናንተ ስህተት አይደለም። ሳፋሪ በስክሪፕት የተቀመጠ ኩኪን ከ7 ቀን በላይ አያቆይም። ጎብኚው በመሃል ካልተመለሰ መልሱ ይጠፋል።

ሳይፈቀድ ኩኪ ይገባል። ወደ ደረጃ 1 ተመለሱና የእገዳውን ፈተና ድገሙ። ከታግ ማናጀር ውጭ ምንም ከሌለ በጋሻው ዝርዝር ውስጥ «ተጨማሪ ፈቃድ አያስፈልግም» የተባለ የጉግል ያልሆነ ታግ ፈልጉ።

የአናሊቲክስ ቁጥር በአንድ ቀን ወረደ። መውረዱ ይጠበቃል፤ ያልፈቀዱት አይቆጠሩም። ግን ወደ ዜሮ ከተጠጋ ወይም ከፈቃድ በኋላ እንኳ ታጉ ካልተነሳ ችግሩ ደረጃ 7 «ሐ» ላይ ነው። ቁጥሩ የወረደበትን ቀን መዝግቡ፤ ወደፊት ወርን ከወር ስታነጻጽሩ ያስፈልጋችኋል።

ቁጥሩ እጥፍ ሆነ። ያው ታግ በሁለት ትሪገር እየተነሳ ነው፣ ወይም የድሮው ኮድ ገጹ ላይ ቀርቷል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ አዲስ ታግ ወይም ፕለጊን በጨመራችሁ ቁጥር ፈተና አንድንና ሁለትን ድገሙ። አምስት ደቂቃ ነው። ገጹን የሚነኩ ሌሎች ሰዎች ካሉም ይህን ንገሯቸው፤ ያቺ ሰባት መስመር ኮድ ተመልሳ የምትለጠፈው በእነሱ እጅ ሊሆን ይችላል።